የሁለት ሳምንት እንግዳ

ከሁለት ሺህ አራት መቶ ዓመታት በፊት ገደማ በሰሜን ሕንድ፣ በማጋዳ መንግሥት፣ ሕዝቡ በቡድሃ ደቀ መዛሙርት ላይ አቤቱታ አሰማ። መነኮሳቱ ቤትም ርስትም አልነበራቸውም። ከመንደር መንደር እየዞሩ በምጽዋት ያድራሉ፤ ንብረታቸው በእጃቸውና በትከሻቸው የያዙት ብቻ ነው። በበጋ ይጓዛሉ፣ በብርድ ይጓዛሉ፣ ክረምት ሲገባም አያቆሙም። ሰዉ የተቆጣው በዚህ በመጨረሻው ነበር። መሬቱ በዝናብ ርሶ ቡቃያው ብቅ ሲል ይረግጡታል፤ ከየጉድጓዱ የወጣውን ጥቃቅን ነፍሳት ይጨፈልቁታል። የሌላ እምነት ባሕታውያን እንኳ በክረምት አንድ ቦታ ይቀመጣሉ፤ ወፎች እንኳ በዛፍ ጫፍ ጎጆ ሠርተው ዝናቡን ያሳልፋሉ፤ እነዚህን ምን ነካቸው? ተባለ። የመነኮሳቱ ሥርዐት የሰፈረበት የፓሊ ቋንቋ መጽሐፍ እንደሚተርከው ቡድሃ ይህን ሲሰማ ክርክር አልገጠመም። በዝናቡ ወራት ሦስት ወር አንድ ቦታ እንዲቀመጡ ደነገገ። "ቫሳ" የሚባለው ይህ ሥርዐት ዛሬም በታይላንድ፣ በላኦስ፣ በምያንማርና በስሪላንካ ከሐምሌ ሙሉ ጨረቃ ማግስት እስከ ጥቅምት ድረስ ይጠበቃል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለዛሬ መንገደኛ የሚሆን ትልቅ ነገር አለ። ደንቡ የወጣው መነኮሳቱ በጭቃ እንዳይቸገሩ፣ በጎርፍ እንዳይወሰዱ ተብሎ አይደለም። የወጣው ለቡቃያውና ለጥቃቅኑ ነፍሳት ነው። መንገደኛው መቼ መንቀሳቀስ እንዳለበት የወሰነው የመንገደኛው ፍላጎት ሳይሆን የሚረገጠው መሬት ሁኔታ ነው።

ዛሬ በሞቃቱ የምድር ወገብ ዙሪያ በጀርባቸው ቦርሳ ተሸክመው የሚዞሩት በአብዛኛው መነኮሳት አይደሉም። ከለንደን፣ ከበርሊን፣ ከሲድኒ፣ ከዋሽንግተን የሚነሡ፣ የዓመት ፈቃዳቸውን ቆጥበው ሁለት ሳምንት ያገኙ ሠራተኞችና ተማሪዎች ናቸው። መድረሻ ሲመርጡ የሚያነሡት ጥያቄ ይታወቃል። ቲኬቱ ስንት ነው? ፀሐይ አለ? ባሕሩ ያምራል? ማደሪያው ርካሽ ነው? እያንዳንዱ ጥያቄ ተገቢ ነው። ግን ሁሉም ጥያቄዎች የሚጀምሩት ከሂያጁ ነው፤ ተቀባዩ ያለበት አንድም የለም። ሰው በምን መብት ነው ለገዛ ደስታው ብሎ ወደ ሌላው ሰው አገር የሚሄደው? መብቱስ ካለው የት ድረስ ነው?

ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች ሁሉ የጠራው የመጣው መንገድ ከማያውቅ ሰው ነው። አማኑኤል ካንት ተወልዶ ያደገውም፣ አስተምሮ የሞተውም ዛሬ ካሊኒንግራድ በምትባለው በኮኒግስበርግ ነው፤ ከዚያች ከተማ አካባቢ ርቆ አያውቅም። ሆኖም ለአርባ ዓመታት ያህል የምድርን መልክዓ ምድር አስተምሯል። በ1795 ስለ ዘላቂ ሰላም ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ ሁለት መብቶችን ለያየ። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ምድር ክብ ናት፤ ሰዎች ያለ ገደብ ተበታትነው መራቅ ስለማይችሉ ጎን ለጎን መኖርን መቻል አለባቸው፤ በመጀመሪያም የትኛውም ሰው ከሌላው ይልቅ ለአንድ ቦታ የበለጠ ባለመብት አልነበረም። ስለዚህ ማንም ሰው በሰላም እስከመጣ ድረስ በሌላው አገር ደጃፍ የመቅረብና እንደ ጠላት ያለመታየት መብት አለው። በእንግድነት የመስተናገድ መብት ግን የለውም። ያ የተቀባዩ ፈቃድ ነው።

ካንት በዚህ አላበቃም። የአውሮፓ ነጋዴ መንግሥታት መጎብኘትን ከመውረር ጋር አንድ አድርገውታል ሲል በቁጣ ጽፏል። ቻይናና ጃፓን እነዚህን እንግዶች ካዩ በኋላ በራቸውን ማጥበባቸው ብልኅነት ነው አለ። የስኳር ደሴቶች የሚባሉትን፣ ማለትም የካሪቢያንን ደሴቶች፣ ከሁሉ የከፋው ባርነት መናኸሪያ ብሎ ጠራቸው። ዛሬ የጉዞ ወኪሎች በፖስተር ላይ የሚለጥፏቸው ዘንባባዎችና ነጭ አሸዋዎች እነዚያው ደሴቶች ናቸው። የሞቃቱን ዓለም ለዕረፍት የሚመርጥ ሰው፣ ዐወቀውም አላወቀውም፣ ከእሱ በፊት ሌሎች ጎብኚ ነን ብለው ወደ መጡበት ምድር ነው የሚሄደው።

የካንት መብት ለሁሉም እኩል እንዳልደረሰ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። አንድ እናት የወለደቻቸው ሁለት ልጆች አንዱ በአሜሪካ ፓስፖርት፣ ሌላው በኢትዮጵያ ፓስፖርት ቢጓዙ፣ አንደኛው የቲኬት ዋጋ ሲያወዳድር ሌላው የባንክ ደብተርና የቀጣሪ ደብዳቤ ይዞ ቀጠሮ ይጠብቃል። ይህ ግን ቀላሉ ነው። በ2025 መጀመሪያ በታይላንድና በምያንማር ድንበር አንድ የታጠቀ ቡድን ከኢንተርኔት ማጭበርበሪያ ካምፖች የወጡ 260 ያህል ሰዎችን ለታይላንድ ጦር አስረከበ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በነዚያ ካምፖች የሚገኙት ብዙዎች በሥራ ተስፋ ተታልለው፣ ባንኮክ ድረስ በአውሮፕላን መጥተው፣ ከዚያ በመኪና ወደ ድንበር ተወስደው፣ ወንዝ ተሻግረው በግዳጅ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጡ ናቸው። ባንኮክ ለአንዱ የዕረፍቱ መነሻ ናት፤ ለሌላው ወጥመዱ የተዘረጋባት። ወደዚያ አገር ለመዝናናት የሚሄድ ወገን ይህን በማወቁ ዕረፍቱ ኃጢአት አይሆንበትም። ነገር ግን በነፃነት መርጦ መሄድና በነፃነት መመለስ ምን ያህል ውድ ነገር እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም። እንዲህ ያለውን ነፃነት የያዘ ሰው ምርጫውን በግዴለሽነት ሊያደርገው አይገባም።

አሁን ወደ ቦርሳው እንምጣ።

በ1972 ቶኒና ሞሪን ዊለር የተባሉ ወጣት ባልና ሚስት ከለንደን ተነሥተው በየብስ እስያን አቋርጠው አውስትራሊያ ገቡ። በተከታዩ ዓመት እስያን በርካሽ ስለማቋረጥ አንድ ትንሽ መጽሐፍ አሳተሙ፤ ሎንሊ ፕላኔት የተባለው ድርጅት የተወለደው ከዚያ ነው። በ1975 ደቡብ ምሥራቅ እስያን በትንሽ ገንዘብ ስለመዞር የሚመራው መጽሐፋቸው ወጣና ለትውልዶች የባክፓከሩን መንገድ ቀየሰ። ባንኮክ፣ ቺያንግ ማይ፣ ፔናንግ፣ ባሊ የሚለው መስመር የተለመደው ያኔ ነው። የዚያ ዘመን ባክፓከር ገንዘብ አልነበረውም፤ ጊዜ ግን ነበረው። አውቶቡስ ቢያመልጠው ነገ ይሄዳል፤ ዝናብ ከያዘው ካረፈበት ቤት ሰዎች ጋር ሩዝ እየበላ ያሳልፋል። የዛሬው የሁለት ሳምንት ተጓዥ በተቃራኒው ነው። ገንዘብ አለው፤ ጊዜ የለውም። መስመሩን ግን የወረሰው ከነዚያ ጊዜ ከነበራቸው ሰዎች ነው። በወራት የተሄደውን በአሥራ አራት ቀን ለመጨረስ ሲሞክር የሚያየው አየር ማረፊያ፣ ሚኒባስና የሆቴል መዝገብ ይሆናል።

ጃፓናዊው የክርስትና ሊቅ ኮሱኬ ኮያማ ለዚህ የሚሆን ሐሳብ አለው። በ1960ዎቹ በሰሜን ታይላንድ፣ በቺያንግ ማይ፣ መንፈሳዊ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። እሑድ እሑድ ገጠር ወርዶ ሊሰብክ ሲሄድ በመንገዱ ላይ በጭቃማ የሩዝ ማሳ ውስጥ የቆሙ ጎሾች ያያል። በኒው ጀርሲና በቶኪዮ የተማረውን ነገረ መለኮት እነዚህን ጎሾች ለሚያሰማሩ ገበሬዎች በሚገባቸው መንገድ ካልተናገረው ከንቱ መሆኑን ተረዳ፤ በ1974 ያሳተመውን መጽሐፍ በጎሾቹ ሰየመው። በኋላ ባወጣው ሌላ ሥራው ደግሞ እግዚአብሔር በሰዓት ሦስት ማይል ይሄዳል የሚል ሐሳብ አቀረበ። አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው፤ የሰው እርምጃ። እስራኤልን አንዲት ነገር ለማስተማር አርባ ዓመት በምድረ በዳ አብሯቸው ሄደ፤ ፍቅር ፍጥነቱ ይሄ ነው፤ ከዚህ ከፈጠነ ሌላ ነገር ይሆናል ይላል ኮያማ።

ወደ ላሊበላ ለገና፣ ወደ ግሸን ለመስከረም 21 በእግሩ የሚጓዝ ተሳላሚ ይህን ሐሳብ ማብራሪያ ሳያስፈልገው ያውቀዋል። ሲመሽበት "ቤቶች!" ብሎ ይጣራል፤ "ቤት የእግዚአብሔር ነው" ይሉታል። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ተጣርቶ ነው የሚገባው። የቤቱ ሰው ሳይመልስ ደጁን ገፍቶ አይገባም።

ሳይጣሩ መግባት ምን እንደሚያስከትል በታይላንድ ምዕራባዊ ባሕር ላይ ያለችው ማያ ቤይ ትመሰክራለች። በፊፊ ሌ ደሴት፣ በረጃጅም የኖራ ዐለቶች መካከል የታቀፈች፣ ከዳር እስከ ዳሯ ሩብ ኪሎ ሜትር የምትሆን አሸዋ ናት። አሌክስ ጋርላንድ በ1996 ያወጣው ልቦለድ ባክፓከሮች ማንም የማያውቀውን የባሕር ዳር ፍለጋ ሲሄዱና ያገኙትን ራሳቸው ሲያጠፉት ይተርካል። ከመጽሐፉ የተሠራው፣ ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ የተወነበት ፊልም የተቀረጸው እዚህ ነው፤ በ2000 ለዕይታ በቃ። ፊልም ሠሪዎቹ ቦታው የሞቃት አገር የባሕር ዳር ይበልጥ እንዲመስል የአሸዋ ክምሩን ቆፍረው የኮኮናት ዛፍ ተከሉበት። የአካባቢው ሰዎች ከሰሱ፤ ክርክሩ ከሃያ ዓመት በላይ ተጓትቶ በ2022 የታይላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደረሰው ጉዳት እንዲጠገን የተሰጠውን ትእዛዝ አጸና።

ከፊልሙ በኋላ የመጣው ሕዝብ ግን ፊልም ሠሪዎቹ ካደረሱት የባሰ አደረሰ። ወደ ማብቂያው በቀን እስከ 5,000 ሰው በዚያች ሩብ ኪሎ ሜትር ላይ ይራገጥ ነበር። የጀልባዎቹ መልህቅ ኮራሉን ሰባበረው፤ የፀሐይ መከላከያ ቅባቱና ነዳጁ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። በሰኔ 2018 የታይላንድ መንግሥት ዘጋው። ለአራት ወር ተብሎ የተዘጋው እስከ 2022 መባቻ አልተከፈተም። በዚያ መካከል የባሕር ሳይንቲስቶችና የአካባቢው በጎ ፈቃደኞች ኮራል እየተከሉ ዋሉ፤ የክንፋቸው ጫፍ ጥቁር የሆነ ትናንሽ ሻርኮች ወደ ጥልቀት የሌለው ውሃ ተመለሱ። አሁን ጀልባ ወደ ባሕረ ሰላጤው አይገባም፤ ከደሴቲቱ ጀርባ ነው የሚያቆመው። የሰው ቁጥር በዙር ተወስኗል። በየዓመቱም በዝናቡ ወራት፣ በነሐሴና በመስከረም፣ ቦታው ይዘጋል።

ነሐሴና መስከረም። መነኮሳቱ በየገዳማቸው የሚቀመጡባቸው ወራት ናቸው። መንግሥት ይህን ያደረገው ቫሳን አስቦ ላይሆን ይችላል፤ ግን ምድሪቱ ራሷ ለሁለቱም አንድ ዓይነት መልስ ሰጥታቸዋለች።

የባሊ ሂንዱዎች ደግሞ መቆምን የዓመታቸው መጀመሪያ አድርገውታል። "ኒየፒ" በሚባለው አዲስ ዓመታቸው ደሴቲቱ በሙሉ ለሃያ አራት ሰዓት ጸጥ ትላለች። እሳት አይነድም፣ መብራት አይበራም፤ ሥራ የለም፤ ጭፈራ የለም፤ ጉዞም የለም። የኢንተርናሽናል አየር ማረፊያው ይዘጋል። ከ2018 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔትም ይቋረጣል። "ፔቻላንግ" የሚባሉት የመንደር ጠባቂዎች ባለ ጥለት ሽርጣቸውን ታጥቀው መንገዱን ይቆጣጠራሉ፤ ሆስፒታል ከሚሄድ በቀር ማንም አይወጣም፤ ቱሪስትም ከሆቴሉ ግቢ አይወጣም። ብዙ ተጓዥ ለባሊ ቲኬት ሲቆርጥ ይህ ቀን እንዳይደርስበት ይጠነቀቃል። ሁለት ሳምንት ብቻ ላለው ሰው አንድ ቀን ማጣት ከባድ ነው፤ ይገባል። ሆኖም የዚያች ደሴት ሰዎች ለእንግዳ ከሚያሳዩት ሁሉ እውነተኛው ይህ ቀን ነው። በሌሎቹ ቀናት ጭፈራው ሰዓት ተቀጥሮለት፣ ቲኬት ተቆርጦለት ይቀርባል። ኒየፒን ግን ለማንም ብለው አያደርጉትም።

በባሊ ጠዋት ጠዋት ሴቶች በየደጃፉ፣ በየሱቁ ፊት፣ በየመንገዱ ዳር፣ አንዳንዴም በሞተር ብስክሌት ላይ ትንሽ መሥዋዕት ያኖራሉ። "ቻናንግ" ይባላል። ከለጋ የዘንባባ ቅጠል ተጣጥፎ የተሠራ፣ መዳፍ የምታክል አራት ማዕዘን ትሪ ናት። ውስጧ አበባ ይደረደራል፤ ነጩ ወደ ምሥራቅ፣ ቀዩ ወደ ደቡብ፣ ቢጫው ወደ ምዕራብ፣ ሰማያዊው ወይም አረንጓዴው ወደ ሰሜን። ጥቂት ሩዝ፣ አንዳንዴ ከረሜላ ወይም ብስኩት ይታከልበታል። ከላይ የዕጣን እንጨት ይጨስበታል፤ ሴቲቱ ውሃ ረጭታ በእጇ ጭሱን ወደ ላይ ትሸኘዋለች። ይህን ለማዘጋጀት ከንጋት በፊት ተነሥታ ቅጠሉን በቢላ ቆርጣ በቀርከሃ ስንጥር ሰፍታዋለች። ከሰዓታት በኋላ ይጠወልጋል፣ ይጠረጋል፤ ነገ ሌላ ይሠራል። ቦርሳውን ተሸክሞ ስልኩን እያየ የሚሄድ ሰው ዕጣኑ ገና እየጨሰ ይረግጠዋል። ክፋት የለበትም፤ አላየውም። ግን አለማየት የሚመጣው ከየት ነው? ቦታውን ሲመርጥ ስለ ባሕሩና ስለ ዋጋው አንብቦ ስለ ሰዎቹ ሃይማኖት ካለማንበብ ነው። ከዚህ የባሱም አሉ። በተቀደሰ ዛፍና በተቀደሰው በአጉንግ ተራራ ላይ ራቁታቸውን ፎቶ ተነሥተው ከአገር የተባረሩ ጎብኚዎች ዜና በ2023 ተደጋግሞ ተሰምቷል፤ የደሴቲቱ አስተዳዳሪም ለእንግዶች የሚፈቀደውንና የማይፈቀደውን የሚዘረዝር መመሪያ አወጡ። ከየካቲት 2024 ጀምሮ እያንዳንዱ የውጭ ጎብኚ ለባህልና ለተፈጥሮ ጥበቃ 150,000 ሩፒያ ይከፍላል። በቤታቸው ለሚያድር ሰው ይህ ብዙ አይደለም።

በላኦስዋ ሉዋንግ ፕራባንግም ተመሳሳይ ችግር አለ። ጎሕ ሳይቀድ ብርቱካናማ የለበሱ መነኮሳት በባዶ እግራቸው ተሰልፈው ሲያልፉ ምእመናን በምንጣፍ ላይ ተንበርክከው ከሰፌድ ሙዳይ እየቆነጠሩ ሩዝ ያቀብሏቸዋል። ቃል አይነገርም። ቱሪስቱ ካሜራውን ፊታቸው ላይ ያበራል። ከተማዋ ራቁ፣ ፍላሽ አታብሩ የሚል ማሳሰቢያ በየቦታው ብትለጥፍም ነገሩ አልቆመም። ለቁርባን የተሰለፈ ምእመን ፊት እንግዳ ሰው መብራት ቢያበራበት ምን እንደሚሰማው ማንም ኦርቶዶክሳዊ ያውቃል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ከሆነ ቤት መቀመጥ አይሻልም ወይ? የሚል ይኖራል። ጥያቄው የቆየ ነው። ሮማዊው ሴኔካ ለወዳጁ ለሉሲሊዩስ በጻፋቸው ደብዳቤዎች በአንዱ ሐዘንህን በጉዞ ልትጥለው አትችልም፤ የምትሸሸው ነገር አብሮህ ይጫናል፣ መለወጥ ያለበት ነፍስህ እንጂ የምትኖርበት አየር አይደለም የሚል ምክር ሰጥቶታል። እውነት አለው። ከአለቃው ጋር የተጣላ ሰው ቂሙን ይዞ ባሊ ቢገባ በባሕሩ ዳር ተጋድሞ የሚያስበው ስለ አለቃው ነው። ሴኔካ ግን ስለ መንገደኛው ነፍስ ብቻ ነው የተናገረው። ዛሬ በክርክሩ ውስጥ ሌላ ሸክም ገብቷል፤ ከዋሽንግተን ባንኮክ 14,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደርሶ መልሱ ለአንድ መንገደኛ ከሁለት ቶን በላይ የካርቦን ጭስ ያወጣል፤ አንድ ኢትዮጵያዊ በአማካይ በዓመት ከሚያወጣው ከአሥር እጥፍ ይበልጣል። ኮራሉን የሚያነጣው ሙቀት ከዚህ ዓይነቱ ጭስ የተጠራቀመ ነው። ማለትም መንገደኛው ሊያየው የሚሄደውን ነገር መንገዱ ራሱ ይጎዳዋል።

ቤት መቀመጥም ግን ንጹሕ አያደርግም። ይህን ኮቪድ አሳየ። በ2019 ከ6 ሚሊዮን በላይ የውጭ ጎብኚ የተቀበለችው ባሊ በ2021 የተቀበለችው በአሥሮች የሚቆጠር ሰው ነው። በ2020 ኢኮኖሚዋ ከ9 በመቶ በላይ ወደቀ። በኑሳ ሌምቦንጋን ደሴት ለቱሪዝም ብለው የባሕር አረም እርሻቸውን የተዉ ቤተሰቦች ወገባቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተው እንደገና ገመድ መወጠር፣ ቡቃያ ማሰር ጀመሩ። አረሙ በጥቂት ሳምንታት ይደርሳል፣ ይደርቃል፣ ለምግብና ለመዋቢያ ፋብሪካ ይሸጣል። መልካም ሥራ ነው፤ የጌስት ሃውሱን ዕዳና የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ግን በቶሎ አይሸፍንም። እንግዳ አስለምዶ ድንገት መቅረትም ጉዳት ነው። ስለዚህ መሄድ ወይስ መቅረት የሚለው ክርክር ሩቅ አያደርስም። የሚያደርሰው የት፣ መቼ፣ ለስንት ቀን፣ በማን ቤት የሚለው ነው። ሩቅ የሚበር ሰው ደጋግሞ ባይበር፣ ከበረረም አንድ አገር መርጦ ቢቆይ፣ ገንዘቡን ቤተሰብ በሚያስተዳድረው ማደሪያ ቢያወጣ፣ ኮያማ ወዳለው ፍጥነት ትንሽ ይቀርባል።

የተቀባዩ ፈቃድ ደግሞ ሕግ አለው፤ ሕጉም እንግዳውን ላያስደስት ይችላል። በማልዲቭስ ለብዙ ዓመታት ቱሪስት የሚያርፈው ሰው በማይኖርባቸው የሪዞርት ደሴቶች ብቻ ነበር፤ ባለ ትንሽ ገንዘብ መንገደኛ አገሩን አያስበውም። ከ2009 በኋላ ነዋሪዎች በሚኖሩባቸው ደሴቶች ጌስት ሃውስ መክፈት ሲፈቀድ በሩ ተከፈተለት። ተከፈተለት ግን በቤቱ ሥርዐት ነው። እነዚያ ደሴቶች የሙስሊም መንደሮች ናቸው፤ መጠጥ የለም፤ በዋና ልብስ መሆን የሚቻለው ለዚያ በተከለለው የባሕር ዳር ብቻ ነው፤ በአዛን ሰዓት ሱቁ ይዘጋል። ይህ የማይስማማው ሰው ሌላ ቦታ ይምረጥ፤ ይህም ሐቀኛ ምርጫ ነው። ሄዶ ማጉረምረም ግን ተገቢ አይደለም።

ተቀባይም ይሳሳታል። በ2014 በክንዷ ላይ የቡድሃ ንቅሳት የነበራት አንዲት እንግሊዛዊት ስሪላንካ እንደገባች ተይዛ ታሰረች፣ ከአገር ተባረረች። ቡድሂስት ነኝ፣ በአክብሮት ነው ያስነቀስኩት ብትልም አልሰሟትም። ከሦስት ዓመት በኋላ የዚያው አገር ጠቅላይ ፍርድ ቤት በደል ተፈጽሞባታል ብሎ ካሳ ፈረደላት። ካንት የጻፈው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው፤ በሰላም የመጣ ሰው እንደ ጠላት አይታይ። የአገሩ ዳኞች ራሳቸው ይህን መበየናቸው ለስሪላንካ ክብር ነው።

ስሪላንካን ማንሣት ለምርጫው ተግባራዊ መልስ ለመስጠትም ይረዳል። ፈቃዱ በነሐሴ የሚወጣ ሰው አለ እንበል፤ ሁለት ሳምንት አለው። የታይላንድ ምዕራባዊ ዳርቻ በሞንሱን ዝናብ ላይ ነው፤ ማያ ቤይ ዝግ ናት። ባሊ በጋ ነው፤ ግን ከዓመቱ ሁሉ ሰው የሚበዛባት ወቅት ስለሆነ ተጨማሪ እንግዳ አትፈልግም። ስሪላንካ ሁለት ሞንሱን አላት፤ የደቡብ ምዕራቡ ዳርቻ ሲዘንብበት የምሥራቁና የሰሜኑ ደረቅ ነው። ለሃያ ስድስት ዓመታት የቆየው የእርስ በርስ ጦርነት በ2009 እስኪያበቃ ድረስ ይህ የታሚሎች አካባቢ ለጎብኚ ዝግ ነበር ማለት ይቻላል፤ በ2022 አገሪቱ የውጭ ዕዳዋን መክፈል ሲያቅታትና ነዳጅ ሲጠፋ ደግሞ የሁሉም ኑሮ ተናጋ። እንግዳ የሚያስፈልጋቸው፣ ወቅቱም የሚስማማቸው ሰዎች እዚህ አሉ። ከጦርነቱ በኋላ በ2014 ወደ ጃፍና እንደገና የተዘረጋውን የባቡር መስመር ይዞ ከኮሎምቦ መውጣት ይቻላል፤ የቀኑን አብዛኛውን ይፈጃል፤ ሜዳው፣ የሩዝ ማሳው፣ ከዚያ የዘንባባው ዛፍ ደረቅ ምድር በመስኮት ያልፋል።

በጃፍና በሐምሌና በነሐሴ የናሉር ካንዳስዋሚ የሂንዱ ቤተ መቅደስ ክብረ በዓል ለ25 ቀናት ይካሄዳል። ወደ ውስጥ የሚገባ ወንድ፣ የአገሬውም ሆነ የውጭ፣ ሸሚዙን ያወልቃል፤ ጫማም እንደዚሁ። በሌላው የአገሪቱ ክፍል ቡድሂስቶች ትከሻህን ሸፍን የሚሉትን ሰው እዚህ ግለጠው ይሉታል። ሁለቱም የአክብሮት ሥርዐት ናቸው፤ እንግዳው የትኛው የት እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። በዓሉ ለቱሪስት የተዘጋጀ አይደለም፤ መግቢያ አይከፈልበትም፤ በጦርነቱ ዘመን ወደ ቶሮንቶና ለንደን የተሰደዱ ታሚሎች ልጆቻቸውን ይዘው የሚመለሱት በዚህ ጊዜ ነው። እናት አገሩን ለዓመታት ያላየ የኢትዮጵያ ዲያስፖራ በዚያ ግቢ ውስጥ ቋንቋውን ሳይሰማ ብዙ ነገር ይገባዋል።

በነዚያ ሳምንታት የጃፍና ማደሪያዎች በተመላሾቹ ስለሚሞሉ የአውሮፕላን ቲኬት ከመቁረጥ በፊት ለአንዱ የቤተሰብ ጌስት ሃውስ ደውሎ ቦታ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የለም ካሉ፣ አልጋው ለአክስታቸው ልጅ ተይዟል ማለት ነውና፣ ዋጋ ጨምሮ መለመን አይገባም። ከጃፍና በስተ ደቡብ ምሥራቅ ባሕሩን ይዞ ትሪንኮማሊ አለች፤ በነሐሴ ዝናብ አይበዛባትም፣ ዓሣ አጥማጆቿም ክፍል ያከራያሉ።